የሺህ ዓመቱ ሰው ለቅሶ

ማንበብና መጻፍ ያስተማረኝ ያው ወንድሜን የገደለው መንግሥት ነው። ይህን ስናገር የሚቆጣኝ ሰው አለ። "ቢያንስ ፊደል አስቆጥሮሃል" ይለኛል። አዎ፣ አስቆጥሮኛል። ጢም አውጥቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ከልጄ እኩዮች ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጬ "ሀ ሁ" ብያለሁ። የመሠረተ ትምህርቱን የምስክር ወረቀትም ከነማኅተሙ ሰጥተውኛል። በቤታችን ግን ፊደል የሚገባው ለእኔ አልነበረም። አባቴ ገና በልጅነታችን ከፋፍሎን ነበር፤ እኔ ለሞፈር፣ ታናሼ አስናቀ ለትምህርት።

አስናቀ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ይማር ነበር። ለዕረፍት ቤት በመጣበት ሰሞን የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ጓድ ድንበሩ፣ ታጣቂዎች ይዞ መጣና ወሰደው። በማግሥቱ ከመንደራችን በላይ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወርደው መንገድ ዳር ተጋድሞ አገኘነው። ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፈውበታል። እኔ ማንበብ አልችልም፣ አባቴም አይችልም፤ ማንበብ የሚችለው ልጅ የሞተው ነው። በኋላ ፊደል ስለይ የዚያን ወረቀት ጽሕፈት ቅርጹን ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ጓድ ድንበሩ ሕዝቡን ሰብስቦ "ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም። ቤተ ክርስቲያንም አይገባም። ድምፅ የተሰማበት ቤት ተባባሪ ነው" አለ። ስለዚህ ሬሳውን የሚጠብቁት ታጣቂዎች ዞር ሲሉ አባቴና እኔ እዚያው መንገዱ አጠገብ ካለው ጉብታ ወሰድነው። ጉብታው ላይ ማን እንደከመራቸው የማይታወቅ የጥንት የድንጋይ ክምሮች አሉ። ከሁሉም ያነሰችውን መረጥን፣ ድንጋዩን አነሣን፣ አስናቀን አስገባን፣ ድንጋዩን መለስን። አዲስ አፈር ሌላ ቦታ ቢታይ ያወጡት ነበር። እዚያ ግን ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ነው፣ ማን ይለየዋል?

በእኛ አገር አንድ ልማድ አለ። ሰው መንገድ ላይ ከሞተ የሞተበት ቦታ ላይ ድንጋይ ይከመራል፤ አላፊ አግዳሚው አንድ ድንጋይ ይጥልና "ነፍስ ይማር" ብሎ ይሄዳል። እናቴ ገበያ በሄደች ቁጥር ከወንዙ አንድ ለስላሳ ድንጋይ በሱፍ ባናዋ ሥር ይዛ ትወጣና እዚያች ክምር ላይ አስቀምጣ ታልፋለች። ማልቀስ እንጂ ድንጋይ መጣል አልተከለከለም። ጎረቤት አየ። ማንም ለማንም አልነገረም፤ ሁሉም ግን ይጥል ጀመር። ከአልዩ አምባ ቆላ ጨው ጭነው የሚወጡ እስላም ነጋዴዎች ሳይቀሩ ጠጠር ያኖሩባት ነበር። ዓመት ዓመትን ተካ። አባቴ ሞተ። ያች ትንሽ ክምር አደገች አደገችና ጉብታው ላይ ካሉት ሁሉ በለጠች።

የሠራነው ስሕተት ይኸው ነው። ልቅሷችንን ደብቀን ደብቀን ከሩቅ የሚታይ አደረግነው።

ከዚያ መንገዱ ሊስተካከል ነው ተባለ። ጥምዝምዙ ሊቀና፣ ጠባቡ ሊሰፋ። ቡልዶዘር ከመምጣቱ በፊት ደግሞ በመስመሩ ላይ ያለውን የጥንት ነገር አይቶ የሚያወጣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መጣ። ጓድ በቀለ ይባላል፤ ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ ብርድ የማይችል ሰው ነው። ቆፋሪ ሲፈልግ የገበሬ ማኅበሩ እኔን ዘለቀንና ሰይድን ሰጠው። ሰይድ የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ሚስት አግብቶ ደጋ የቀረ፣ አፉ ሥራ የማይፈታ።

ጓድ በቀለ ጉብታው ላይ ወጥቶ ክምሮቹን አንድ በአንድ ዞራቸው። የአስናቀ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት የመንገዱ ችካል ከአጠገቧ ተተክሏል።

"ይቺ ናት" አለ። "ከሁሉም ትበልጣለች። ነገ በእሷ እንጀምራለን።"

"እሷን ይተዉአት ጌታዬ" አልኩ።

"ጓድ በል። ለምን?"

"እባብ አለባት።"

"እባብ ብቻ?" አለ ሰይድ። "ጅንም አለባት። እኔ በዚህ ሳልፍ ቢስሚላሂ ሳልል አላልፍም።"

ጓድ በቀለ ሳቀ። "እንግዲያው እባቡን ለዘለቀ፣ ጅኑን ለአንተ።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን ዳሰሰ። ሞኝ ሰው አልነበረም። "ታያላችሁ? የሥሩ ድንጋይ ሸብቷል፤ የላዩ ሽበት የለውም። መንገደኛ አሁንም ይጥልበታል ማለት ነው። ተራ ሰው ቢሆን ይኼን ሁሉ ዘመን ማን ያስታውሰዋል? የሆነ አለቃ፣ የሆነ የተከበረ ሰው ነው።"

ሰይድ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

ማታ እናቴ እሳት ዳር ተቀምጣ ሱፍ ትፈትል ነበር። "ነገ ያወጡታል" አልኳት።

እንዝርቷን አላቆመችም። "ማነው የሚቆፍረው?"

"እኔ ነኝ። እኔና ሰይድ።"

"እና ምን ትለኛለህ?"

"ልቅር? አመመኝ ልበል?"

"ብትቀር ሌላ ይቆፍረዋል።" ክሩን ጠቅልላ አስቀመጠችው። "አንተው ቆፍር። የሰው ዶማ እንዳይነካው።"

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ ጉብታውን ሸፍኖታል። ደርሰን ዕቃ ስናወርድ ጓድ ድንበሩ አንድ ጠመንጃ የያዘ ታጣቂ አስከትሎ መጣ። በአገሩ "የጥንት ወርቅ ሊወጣ ነው" ተብሎ ተወርቷል፤ ወርቁ እንዳይሰረቅ ሊጠብቅ ነው።

"ዘለቀ" አለኝ ድንጋይ ላይ እየተመቻቸ። "ወርቅ ብታገኝ ኪስህ እንዳትከት።"

"ኪስ የለኝም ጓድ ሊቀመንበር።"

"ደህና አድርገህ ለብሰሃል እንግዲያ።" ታጣቂው ሳቀለት።

ድንጋዩን ማንሣት ጀመርን። የእናቴን ድንጋዮች አውቃቸዋለሁ፤ የወንዝ ናቸው፣ ለስላሳ። አንዱን አንሥቼ ሳስቀምጥ ሌላው ይመጣል። የጎረቤቶቻችን የእርሻ ድንጋይ አለ፣ ከቆላ የመጣ ጥቁር ጠጠር አለ። የአገሩን ሰው ሁሉ ሐዘን በእጄ ስፈታው አረፈድኩ። ጓድ በቀለ ከላይ ሆኖ "ቀስ፣ ቀስ" ይላል። ከድንጋዩ ሥር የሸክላ ስብርባሪ ሲወጣ ደስ አለው፤ የእውነት የጥንት ነበርና በብሩሽ እየጠረገ ለብቻ አኖረው። ድንበሩ መጥቶ አየና "ገል ነው?" አለ። ገል ነው ሲባል ተመልሶ ተቀመጠ።

ሰይድ አካፋውን ሰደደና ድንገት ቆመ። አየሁ። የሸራ ጫማ ሶል ነው፤ የጎማ። ደብረ ብርሃን ሲማር አባቴ የገዛለት ጫማ። ሰይድ በፍጥነት እግሩን አሳረፈበት።

"ጓድ በቀለ" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "የሶላት ሰዓት ደረሰብኝ።"

"በመንግሥት ሥራ ላይ ሶላት አለ እንዴ?" አለ ድንበሩ።

"ይስገድ፣ ምን ቸገረን" አለ ጓድ በቀለ። "እኛም ምሳ እንብላ።"

ሰይድ ራቅ ብሎ አልሄደም። ፎጣውን ጉድጓዱ አፍ ላይ አነጠፈና እዚያው መስገድ ጀመረ። ሰጋጅ ፊት አይታለፍምና ማንም አልቀረበም። ድንበሩና ታጣቂው ከመኪናው ወዲህ በሶ በጥብጠው ተቀመጡ። ያ ሰው ያን ቀን ምን ያህል እንዳረዘመው አላህ ይወቅለት።

እኔ ጓድ በቀለን ከመኪናው ኋላ ይዤ ሄድኩ። "የቆፈርነው ወንድሜን ነው" አልኩት።

አልገባውም። ከዚያ ገባው። መነጽሩን አወለቀ። "መቼ?"

"ተማሪ ሲገደል ጊዜ።"

"ለምን ነገርከኝ?" አለ በሹክሹክታ፣ ግን ተቆጥቶ። "ሰውዬ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ለምን ነገርከኝ?"

"ለማን ልንገር?"

መነጽሩን መልሶ አጠለቀ።

"ልመልሰው? ልድፈነው?" አልኩ።

"ብትደፍነው ምን ዋጋ አለው? ቡልዶዘሩ ከደብረ ብርሃን ሊነሣ ነው። ችካሉን አይተሃል አይደል? መስመሩ በዚህ ላይ ነው የሚያልፈው። ጠርጎ ከገደል ይደፋዋል።"

"አውጥቼ ሌላ ቦታ ልቅበረው?"

በአገጩ ወደ ታጣቂው አመለከተኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ "የጥንት አጥንት ከወጣ በሣጥን አድርጌ ወደ አዲስ አበባ ነው የምወስደው። እዚያ መጋዘን አለ፤ ይቀመጣል። ከዚያ የተሻለ ከእኔ አትጠብቅ። የጥንት ነው ልል እችላለሁ። ሌላ ምንም አልችልም።"

ወንድሜን ለቡልዶዘር ልስጥ ወይስ ለመጋዘን? በዕድሜዬ ይህን የመሰለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ለማሰብ የተሰጠኝም አንድ ሰው በሶ ጠጥቶ እስኪነሣ ነው።

"ይጫን" አልኩ።

ጉድጓዱ ውስጥ ብቻዬን ገባሁ። ጫማዎቹን መጀመሪያ አወጣሁና ከጋቢዬ ሥር ወገቤ ላይ አሰርኳቸው። ከጨርቁ የተረፈውን አፈር ውስጥ ቀበርኩት። አጥንቱን በእጄ፣ ያለ አካፋ፣ አፈሩን እያራገፍኩ ለሰይድ አቀበልኩ፤ ሰይድ ጭድ በተሞላው ሣጥን ውስጥ አስተኛው። ራስ ቅሉን ሳወጣ ድንበሩ ከላይ ቆሟል።

"ሰው ነው እንዴ?"

"የጥንት ሰው ነው" አለ ጓድ በቀለ። "ሺህ ዓመት ያልፈዋል።"

ድንበሩ ጎንበስ አለ። ከጆሮ ግንዱ በላይ ያለውን ክብ ቀዳዳ በጣቱ አሳየ። "ይኼስ?"

"ጦር ነው" አለ ጓድ በቀለ። "የዚያን ዘመን ጦር።"

ድንበሩ ቀዳዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ቀዳዳውን አየ። ቦታው የት እንደሆነ፣ ማን እንደተኮሰ፣ ሬሳው ከመንገድ ዳር እንዴት እንደጠፋ ሁሉን አንድ ላይ ሲያገናኘው ፊቱ ላይ አየሁት። ቀና አለ። "ጦር ከሆነማ ጦር ነው" አለ። "ጫኑትና ይሂድ።"

እሱም ከአገሩ እንዲወጣለት ፈለገ። የጓድ በቀለ ፍርሃትና የድንበሩ ወንጀል አንድ ሣጥን ላይ ተስማሙ።

ያን ጊዜ ገበያተኛው ይመለስ ጀመር። ከፊት እናቴ ናት። መንገዱ ላይ ቆማ ሣጥኑን አየች፤ ከዚያ ጉብታውን ቀስ እያለች ወጣች። የመንደሩ ሴቶች ተከተሏት። ታጣቂው ሊከለክል ሲል ድንበሩ ምን እንደሚያዝ አላወቀም።

"እንደምን ዋላችሁ" አለች፤ ወደ እኔ አላየችም። "ጌታው፣ ምን አገኛችሁ?"

"የጥንት ሰው አጥንት ነው እማማ" አለ ጓድ በቀለ። ማን እንደሆነች ገብቶታል፤ አንገቱን ደፍቷል።

"ዕድሜው ምን ያህል ይሆናል?"

"ሺህ... ሺህ ዓመት ያልፈዋል።"

"እህ። ያን ያህል?" ወደ ድንበሩ ዞረች። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎም እንደዚያ ነው የሚሉት?"

"ባለሙያው ብሏል እኮ" አለ ድንበሩ። "ይበቃል፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ።"

"እሺ እንገባለን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። የሺህ ዓመት ሰው ፀረ አብዮተኛ ነው?"

ድንበሩ ወደ ጓድ በቀለ አየ።

"ያን ጊዜ አብዮት የለም" አለ።

"እንግዲያው ለእሱ ማልቀስ አልተከለከለም" አለች እናቴ፣ ነጠላዋንም አዘቅዝቃ ታጠቀች።

ድምፁ ከየት እንደወጣ አላውቅም። አስናቀ ከሞተ ጀምሮ ጉሮሮዋ ውስጥ ተቀምጦ የቆየ ድምፅ ነው። ደረቷን መታች፦

"ሺህ ዓመት ተኛ አሉ ድንጋይ ጭነውበት፣
እናት የለውም ወይ ያለቀሰችለት።"

ሴቶቹ ተቀበሏት። ቅርጫታቸውን ጣሉ፣ ክብ ሠሩ። ወንዶቹ ከመንገዱ ወጡ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆሙ። ገበያተኛው በደረሰ ቁጥር ክቡ ሰፋ። የሌላም ሰው ልጅ በዚያ ዘመን ጠፍቷል፤ ለእነሱም ያን ቀን ተለቀሰ። ማንም ስም አልጠራም። ድንበሩ ክልክል ነው ለማለት ሟቹ ማን እንደሆነ መናገር አለበት፤ ቢናገር ጦር ነው ያለው ጥይት ይሆናል። እዚያው እንደ ችካሉ ቆሞ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ "አሮጊቷ አእምሮዋን ስታለች" ለታጣቂው ሲለው ሰማሁ። ታጣቂው ግን ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሀል "ሣጥኑን ክደነው፣ ክደነው፣ ልሂድ" አለኝ ጓድ በቀለ። መዶሻ ሰጠኝ። ሰይድ ክዳኑን ያዘልኝ፣ እኔ ሚስማሩን መታሁ።

መኪናው ከሄደ በኋላም ሰው በባዶው ጉድጓድ ዙሪያ እስኪደክመው አለቀሰ። ድንበሩ በሚቀጥለው ስብሰባ "ሰፊው ሕዝብ ለጥንት ታሪኩ ያሳየው ፍቅር" ብሎ አወራበት። አጨበጨብን።

አሁን መራሩን ልንገራችሁ። መንገዱ አልመጣም። ቡልዶዘሩ ወደ ሌላ ክፍለ አገር፣ ወደ ሰሜኑ ጦርነት በኩል ተወሰደ ተባለ። ችካሎቹን ሰው ነቅሎ ማገዶ አደረጋቸው። ጉብታውን ምንም አልነካውም፤ ብንተወው ኖሮ አስናቀ ዛሬም እዚያው ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲህ ገበያ ስትሄድ በሌላ መንገድ ዞራ ትሄድ ነበር። ደርግ ሳይወድቅ ሞተች። ጫማዎቹን ከእሷ ጋር አስቀበርኩ። ቄሱ አይቶ ፍትሐቱን ቀጠለ።

መንግሥት ሲለወጥ አዲስ አበባ ሄድኩ። መጋዘኑን በመከራ አገኘሁት። አንድ ወጣት ሠራተኛ በትሕትና አስተናገደኝና ሣጥኑ መኖሩን አረጋገጠልኝ። የነገርኩትን ሁሉ አዳመጠ፣ እንዲያውም አዘነ። "ግን አባባ" አለኝ፣ "የተመዘገበው የጥንት ተብሎ ነው። የሀገር ቅርስ ደግሞ ለግለሰብ አይሰጥም።"

"ያወጣሁት እኔ ነኝ እኮ። ወንድሜ ነው።"

"የባለሙያው ቃል ቢኖር ጥሩ ነበር።" ጓድ በቀለ ሞቷል። "ካልሆነ በጊዜው የነበረ የአካባቢው ኃላፊ ይመስክር።"

ሰይድ ሊመሰክር ዝግጁ ነበር፤ የቀን ሠራተኛ ቃል አይበቃም አሉ። ስለዚህ ድንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ታስሮ ተፈትቶ ደብረ ብርሃን ልጁ ቤት ይኖራል። ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። አርጅቷል። አወቀኝ።

"ልበቀልህ አልመጣሁም" አልኩት። "አንድ ቃል ስጠኝ። አስናቀ ነበር በል። አጥንቱን ይሰጡኛል።"

በከዘራው መሬቱን ጫረ።

"እኔ የማውቀው የጥንት ሰው መሆኑን ነው" አለኝ። "ባለሙያው ሺህ ዓመት ነው አለ። አንተ ራስህ የሣጥኑን ሚስማር መታህ። እናትህም ለጥንት ሰው አለቀሰች። ሦስታችሁ የተስማማችሁበትን ዛሬ እኔ ውሸት ነው ልበል?"

ተነሥቼ ወጣሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ቀን በፊት እውነትና ውሸት እንደ ዘርና እንክርዳድ የሚለዩ ይመስለኝ ነበር። ያ ውሸት ለእናቴ ለቅሶ ሰጣት፤ እሷ ከማረፏ በፊት ደረቷ ቀልሎላት ስትስቅም አይቻታለሁ። ያው ውሸት ወንድሜን መደርደሪያ ላይ ቆልፎታል። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ቃል ነው፤ እኔም እንዲባል ተስማምቻለሁ፣ ዛሬ ቢደገምም ከዚያ የተሻለ ምን እንደምል አላውቅም። ሰዎች "ይቅር በለው፣ አልፏል" ይሉኛል። አልፏል የሚሉት የራሳቸውን ሙታን ቆመው የቀበሩ ናቸው።

እኔ ያን ቀን እንባ አልወጣኝም። አገሩ በሙሉ ደረት ሲመታ እኔ ሚስማር እመታ ነበር። ሣጥኑ እስኪከፈትልኝ ድረስ የእኔ ለቅሶ ገና ነው።